«ቀረች» የምንለው መቼ ነው?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው።

«አሥራ አምስት ጓደኛሞች ነን። በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያዋጣን የተቸገሩ ቤተሰቦች ሴት ልጆች ትምህርታቸውን እንዳያቋርጡ መርዳት እንፈልጋለን። አምና በዓመቱ መጀመሪያ ለሠላሳ ልጆች ደብተርና ቦርሳ ገዛን። ዓመቱ ሳያልቅ ዘጠኙ አቋረጡ። አብዛኞቹ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ነበሩ። ዘንድሮ አንዳችን ሞዴስ እንግዛ ይላል። ሌላው ለወላጆች ገንዘብ በእጅ እንስጥ ይላል። ሦስተኛው ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ ትምህርት እንስጥ ባይ ነው። ገንዘባችን ትንሽ ነው። ከየቱ እንጀምር?»

ከመመለሴ በፊት ስለ ዘጠኙ ልጆች ልጠይቃችሁ። ትምህርት ያቆሙት በየትኛው ወር ነው? ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ወራት ስንት ቀን ክፍል ገብተዋል? ካቆሙ በኋላ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ያያቸው ሰው አለ? ይህን የምለው ልወቅሳችሁ ፈልጌ አይደለም። ደብተርና ቦርሳ መግዛታችሁ ደግ ሥራ ነው። ግን ዘንድሮ ምን መግዛት እንዳለባችሁ ከእኔ ይልቅ የሚያውቁት እነዚያ ዘጠኝ ልጆች ናቸው።

በአማርኛ አንድ ቀን ከክፍል የጠፋችውንም ልጅ፣ ጨርሳ የተወችውንም ልጅ በአንድ ቃል «ቀረች» እንላለን። መምህር ስም ሲጠራ «ቀርታለች» ይባላል። ከዓመት በኋላ ስለዚያችው ልጅ «እሷማ ቀረች» ይባላል። በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቼ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ቃሉ ልክ መሆኑን ነው። ሁለቱ መቅረቶች የአንድ መንገድ ሁለት ጫፎች ናቸው። ልጅቷን በቀላሉ መያዝ የሚቻለው በመጀመሪያው ጫፍ ላይ ነው። አብዛኛው እርዳታ የሚደርሰው ግን ሁለተኛው ጫፍ ላይ ስትደርስ ነው።

መንገዱ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። እናት ትታመማለች። ወይም ታናሽየውን ያተኩሰዋል። ቤት የሚውል ሰው ያስፈልጋል። ወንድምየው ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ትልቋ ሴት ልጅ ትቀራለች። አንድ ቀን ናት፣ ማንም ልብ አይላትም። ስትመለስ የሒሳብ መምህሩ አዲስ ምዕራፍ ጀምሯል። ያመለጣትን ከጓደኛዋ ደብተር ትገለብጣለች፣ ግን አይገባትም። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ቀን ትቀራለች። መምህሩ ብድግ አድርጎ ለምን እንደቀረች ይጠይቃታል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። የቤቷን ገመና ሃምሳ ልጅ ፊት አታወራም። ዝም ትላለች። ዝምታዋ እንደ ንቀት ይቆጠርባታል። ፈተና ይመጣል፣ ትወድቃለች። ቤት ውስጥ «ትምህርቱ አልሆነላትም» መባል ይጀምራል። ከዚህ በኋላ የመዋጮ ወረቀት ቢመጣ፣ ዩኒፎርም ቢቀደድ፣ የሥራ ወይም የጋብቻ ጥያቄ ቢመጣ፣ ቤተሰቡ መልሱን ጨርሶ ነው የሚጠብቀው። እኛ ዘግይተን እንደርስና «በጋብቻ ምክንያት አቋረጠች» ብለን እንጽፋለን። እሷ ግን በልቧ ከክፍሉ የወጣችው ከወራት በፊት ነው።

ዘጠኙ ልጆች ከሰባተኛና ከስምንተኛ ክፍል መሆናቸው አልገረመኝም። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ በዝቅተኛ ገቢ አገሮች የመጀመሪያ ደረጃን የሚጨርሱ ሴት ልጆች ከሦስት ሁለት እንኳ አይሞሉም። ቀጥሎ ያለውን፣ በብዙ አገር ከሰባተኛ ክፍል ገደማ የሚጀምረውን የሁለተኛ ደረጃ የመጀመሪያ ዙር የሚጨርሱት ከሦስት አንዷ ናት። ስንጥቁ እዚያው እናንተ ያያችሁበት ቦታ ላይ ነው። ሰውነቷ ይለወጣል፣ ትምህርቱ ይከብዳል፣ ወጪው ይጨምራል፣ ትምህርት ቤቱ ይርቃል። በቤት ውስጥ የጉልበቷ ዋጋም ከፍ የሚለው በዚያው ዓመት ነው።

ስለዚህ ገንዘቡን ከመንካታችሁ በፊት የስም መጥሪያውን አንብቡ። በየትምህርት ቤቱ አለ፣ በየቀኑ ይሞላል፣ መልሶ የሚያየው ሰው ግን ጥቂት ነው። የምትረዷቸውን ልጆች ስም ይዛችሁ የክፍል ኃላፊ መምህራንን በሳምንት አንድ ጊዜ ጠይቁ። በጽሑፍ ያዙት። በብዙ ቦታ አንድ ተማሪ ከትምህርት ቀናቱ 10 በመቶውን ከቀረ የአደጋ ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። በወር ሃያ የትምህርት ቀን ካለ ሁለት ቀን ማለት ነው። ሁለት ቀን ብዙ አይመስልም፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ሁለት ቀን የቀረችን ልጅ በዚያው ሳምንት ቤቷ ሄጄ ባያት እመርጣለሁ። ምናልባት ጉንፋን ይዟት ይሆናል። ይሁን። «ምን ሆነሽ ነው፣ አጣንሽ እኮ» የሚል ሰው መምጣቱ በራሱ እርዳታ ነው።

ቤት ስትሄዱ «ለምን ቀረሽ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ያ የፖሊስ ጥያቄ ይመስላል፣ መልሱም «አሞኝ ነው» ይሆናል። ይልቅ «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» በሏት። ቀኗን በሰዓት በሰዓት ትቆጥርላችኋለች። አንዷ ሦስት ሰዓት ውሃ ፍለጋ ትሄዳለች። አንዷ ሕፃን ይዛ ትውላለች። አንዷ ሌላ ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። አንዷ ደግሞ ምንም አልሠራችም፣ ተኝታ ነው የዋለችው። ይህቺኛዋ በጣም ታሳስበኛለች። ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤት የሚያሸሻት ነገር አለ። መንገድ ላይ የሚያስቸግራት ሰው ሊሆን ይችላል። የሚሳደብ መምህር፣ ወይም ከዚያ የባሰም ሊሆን ይችላል።

ልጅቷንና ወላጇን ለየብቻ አነጋግሩ። እናት «ፈቃዷ ነው፣ አልማርም ብላ ነው» ስትል ልጅቷ አጠገቧ ተቀምጣ «አይደለም» አትልም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። «ትምህርት ነፃ ነው» የሚባልበት ቦታ እንኳ ትምህርት ነፃ አይደለም። ዩኒፎርም አለ፣ ጫማ አለ፣ የፈተና ክፍያ አለ፣ መዋጮ አለ። ኬንያ የመጀመሪያ ደረጃ ክፍያን እ.ኤ.አ. በ2003 አንስታለች። ዩኒፎርሙ ግን የወላጅ ዕዳ ሆኖ ቀጠለ። በዚያው ጊዜ ኢስተር ዱፍሎ፣ ፓስካሊን ዱፓና ማይክል ክሬመር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በምዕራብ ኬንያ በ328 ትምህርት ቤቶች ጥናት ጀመሩ። በተወሰኑት ትምህርት ቤቶች ላሉ ልጆች ዩኒፎርም በነፃ ተሰጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ ዩኒፎርም ካላገኙት ሴት ልጆች ከ100 ወደ 19 ገደማ አቋርጠው ነበር። ካገኙት መሐል ወደ 16 ገደማ። በልጅነት ማርገዝም ቀንሶ ተገኘ። ከመቶ ሦስት ልጅ ትንሽ ይመስላል። ግን ማንም አልመከራቸውም፣ ማንም አላስጠናቸውም። ልብስ ብቻ ነው። በዚያ ልብስ ሦስት ልጆች ክፍል ውስጥ ቆዩ።

እናንተም በዓመቱ መጀመሪያ ገዝታችኋል፣ ታዲያ ለምን ዘጠኙ ቀሩ? አንደኛው ምክንያት ጊዜው ይመስለኛል። ወጪ በዓመቱ መጀመሪያ ብቻ አይመጣም። መሐል ላይ ጫማ ያልቃል። ሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ሲጀመር ሌላ ክፍያ ይጠየቃል። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ከክፍል ክፍል የማለፊያው ጊዜ ነው። ልጅቷ ሰባተኛን ትጨርሳለች፣ ለስምንተኛ ምዝገባ አትመጣም። በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ይህን የፈተኑ ሰዎች አሉ። ለተማሪ ቤተሰብ ከሚሰጠው ድጎማ ሲሶውን ያስቀምጡና አንድ ላይ አድርገው ልክ በምዝገባ ሰሞን ይሰጣሉ። ድምሩ ያው ነው፣ የተቀየረው ቀኑ ነው። ልጆቹ በዓመቱ ውስጥ ክፍል መምጣታቸው አልቀነሰም። ለቀጣዩ ዓመት የተመዘገቡት ግን በየሁለት ወሩ ሙሉውን ከሚቀበሉት ይልቅ በዙ። የእናንተን ገንዘብ እንደዚህ ከፋፍሉት። አንዱን እጅ በመጀመሪያ፣ አንዱን እጅ ለመሐል ድንገተኛ ወጪ፣ አንዱን እጅ ለምዝገባ ሰሞን። የምዝገባውን እጅ ምንም ቢመጣ አትንኩት።

ለወላጅ ገንዘብ በእጅ መስጠትስ? የሚፈራውን ያህል ክፉ አይደለም። ድሃ ወላጅ ገንዘብ አያባክንም፣ አያያዙን ከእኛ በላይ ያውቀዋል። ጥያቄው ቅድመ ሁኔታ ይኑረው ወይስ አይኑረው የሚለው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ በጎ አድራጊ የሚሳሳተው እዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 እና 2009 በማላዊ ዞምባ ወረዳ ለወጣት ሴቶችና ለወላጆቻቸው በየወሩ ገንዘብ ተሰጠ። ገንዘቡ ለሁለት ይከፈል ነበር፤ የወላጅ ድርሻ አለ፣ የልጅቷም የራሷ ድርሻ አለ። ለግማሾቹ «ትምህርት ቤት ከመጣሽ ነው የምታገኚው» ተባለ። ለሌሎቹ እንዲሁ ተሰጣቸው። ክፍል በመምጣትም በእንግሊዝኛ ፈተናም የተሻሉት «ከመጣሽ ነው» የተባሉት ሆኑ። ስለዚህ ቅድመ ሁኔታው ሠርቷል። ግን ሌላም ነገር ታየ። በልጅነት ማግባትና ማርገዝ በጉልህ የቀነሰው ያለ ቅድመ ሁኔታ በሚቀበሉት ዘንድ ነበር። ነገሩ ሲታይ ግልጽ ነው። ትምህርት ያቋረጠችው ልጅ በአንደኛው ቡድን ገንዘቡንም አብራ ታጣለች። በሌላው ቡድን ግን ይቀጥልላታል። ስለዚህ የሚያስጠጋትን ባል ለመፈለግ አትቸኩልም።

እኔ ከዚህ የተማርኩት ይህን ነው። ክፍል መምጣቷን ተከታተሉ፣ እንደምትከታተሉም ንገሯት። ግን ስትቀር ገንዘቡን በመቁረጥ አትጀምሩ። የቀረችው ልጅ እኮ በጣም የምትፈልጋችሁ ያኔ ነው። ብዙ ማኅበር «ሕጉን ጥሳለች» ብሎ ከዝርዝሩ ይሰርዛታል። በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርቱ ያምራል፣ ምክንያቱም ዝርዝሩ ላይ የተረፉት ከክፍል የማይቀሩት ልጆች ብቻ ናቸው። ይህን አይቻለሁ፣ ልቤን ይሰብረዋል።

ቅድመ ሁኔታ በሰፊው ሲሠራ ማየት የሚፈልግ ባንግላዴሽን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1994 ለገጠር ሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎች በመላ አገሪቱ ድጎማ ተጀመረ። ሦስት ነገር ይጠየቅ ነበር። 75 በመቶ ክፍል መገኘት፣ በፈተና 45 በመቶ ማምጣትና ሳያገቡ መቆየት። ገንዘቡ ይገባ የነበረው በልጅቷ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ነው። ከዓመታት በኋላ ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩ ሴት ልጆች ቁጥር ወንዶቹን ደርሶ አልፏል። የባንክ ሒሳቧን ነገር በጣም እወደዋለሁ። በስሟ የተጻፈ ነገር ያላት ልጅ ቤቷ ውስጥ ድምፅዋ ይሰማል።

ሞዴስ እንግዛ ያለው ጓደኛችሁ ጥሩ ልብ አለው። ይግዛ። ግን ማቋረጥን ያስቆማል ብላችሁ አትጠብቁ። ኔፓል ቺትዋን ውስጥ ኤሚሊ ኦስተርና ሬቤካ ቶርንተን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በጥንቃቄ ቆጥረውታል። ሴት ልጆቹ በወር አበባ ምክንያት የሚያመልጣቸው ከ180 የትምህርት ቀን ውስጥ ግማሽ ቀን እንኳ አይሞላም ነበር። የተሻለ የንጽሕና መጠበቂያ ሲሰጣቸውም ክፍል መገኘታቸው አልተቀየረም። ይህ ማለት ሞዴስ አያስፈልግም ማለት አይደለም። አንዲት ልጅ ቀሚሷ ይበላሽ ይሆን ብላ እየተሳቀቀች መማር የለባትም። ክብሯ ይበቃል፣ ሌላ ማስረጃ አልፈልግም። ብቻ ገንዘቡ ሁሉ እዚያ ካለቀ፣ ሕፃን ይዛ የምትውለዋ ልጅ አሁንም ሕፃን ይዛ ትውላለች።

ሽንት ቤት ግን የተለየ ነገር ነው። በህንድ ትምህርት ቤቶች ሽንት ቤት ሲሠራ የተመዝጋቢው ቁጥር ጨምሯል። ከፍ ላሉት ሴት ልጆች ግን ልዩነት ያመጣው ለእነሱ ብቻ የተለየ ሽንት ቤት መኖሩ ነው። እናንተ ሽንት ቤት መሥራት ላትችሉ ትችላላችሁ። በሩ ላይ የውስጥ መቀርቀሪያ መግጠም ግን ትችላላችሁ። መጀመሪያ ልጆቹን ጠይቁ። መቀርቀሪያ የሌለው በር ስንት ልጅ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳትጠጣ እንድትውል እንደሚያደርግ ስትሰሙ ትደነግጣላችሁ።

ርቀት ካለ ደግሞ ሌላው ሁሉ ሁለተኛ ነው። የህንዷ ቢሃር ግዛት እ.ኤ.አ. በ2006 ዘጠነኛ ክፍል ለሚገቡ ሴት ልጆች ለብስክሌት መግዣ ገንዘብ መስጠት ጀመረች። የሚመዘገቡት ሴት ልጆች በሲሶ ገደማ ጨመሩ። ከወንዶቹ ጋር የነበረው ልዩነት 40 በመቶ ያህል ጠበበ። ለውጡ የጎላው ትምህርት ቤቱ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቅባቸው መንደሮች ነው። ብስክሌቱ ሰዓት ብቻ አይደለም ያተረፈላቸው። ልጃገረዶቹ በቡድን ሆነው መንገዱን ሞሉት። ለአንዲት ልጅ የሚያስፈራ መንገድ ለአሥሯ አያስፈራም።

ብስክሌት መግዛት ባትችሉም ቡድኑን መፍጠር ትችላላችሁ። የምትረዷቸውን ልጆች መኖሪያ በወረቀት ላይ አስፍሩት። ማን ከማን ጋር መሄድ እንደምትችል ያኔ ይታያችኋል። አብረው የሚሄዱ ልጆች አንዷ ስትቀር መጀመሪያ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከስም መጥሪያው ይቀድማሉ።

አሁን ብዙዎች የሚረሱትን ልንገራችሁ። ትምህርቱ ራሱ። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ አንድ አንቀጽ ደህና አድርጋ ማንበብ ካልቻለች ክፍል መቀመጥ ሥቃይ ነው። በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ የማይገባትን ነገር ትሰማለች። በእሷ ቦታ ብንሆን እኛም እንቀር ነበር። ቦርሳም ብትሰጧት፣ ገንዘብም ብትሰጧት፣ ይህን ካልነካችሁት ትሄዳለች። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር ለእያንዳንዷ ልጅ አንድ የአራተኛ ክፍል ምንባብና ጥቂት የሒሳብ ጥያቄ ስጧት። ለብቻዋ፣ ማንም ሳያይ። የት ላይ እንዳለች እወቁ። ከዚያ ማስጠናቱን ከእሷ ቦታ ጀምሩ፣ ከክፍሏ ቦታ አይደለም። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ስድስት ሆነው፣ አንድ አስጠኚ ይዘው። አሥራ አምስት ሰዎች ናችሁ። ገንዘብ ቢያጥራችሁም ይህን ማድረግ የሚችል ሰው አይጠፋችሁም። እኔ ብጠየቅ ከሁሉ ቀድሜ የምይዘው ይህን ነው።

ከቻላችሁ አስጠኚዋ ከዚያው ሰፈር የወጣች፣ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰች ወጣት ሴት ትሁን። ካምፌድ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1993 ዚምባብዌ ውስጥ 32 ልጃገረዶችን በማስተማር ነው የጀመረው። ዛሬ በትምህርት ቤቶች ውስጥ ልጆቹን የሚደግፉት በዚያው መንገድ ተረድተው የጨረሱ ሴቶች ናቸው። ተማሪዋ «ይቻላል» የሚል ንግግር አያስፈልጋትም፣ የቻለችዋን በየሳምንቱ ታያታለች። ለአስጠኚዋ ግን ክፈሏት። ትንሽም ብትሆን ክፈሏት። የድሃ ሴት ጊዜ ነፃ ነው ብሎ ማሰብ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚያስቀረው ያው አስተሳሰብ ነው።

ስለ ጋብቻ ትምህርት መስጠት ብቻውን ብዙ አይጠቅምም። ወላጅ የሕጉን ዕድሜ ያውቃል። ልጁን የሚድረው ፈርቶ ነው፤ ትደፈርብኛለች፣ ታረግዝብኛለች፣ ነገ ማን ያበላታል ብሎ። ለዚያ ፍርሃት መልስ ይዞ መሄድ ይሻላል። በአማራ ክልል እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 የተሞከረው ብርሃነ ሔዋን የተሰኘ ሥራ ይህን አድርጓል። የልጃገረዶች ቡድን ነበረው፣ የትምህርት ቁሳቁስ ይሰጥ ነበር፣ ከማኅበረሰቡ ጋር ውይይት ነበረው። ልጅቷ ሳታገባ ከቆየች ደግሞ ለእሷና ለቤተሰቧ አንድ የቤት እንስሳ ይሰጥ ነበር። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች የማግባት ዕድሉ ሥራው ካልተሞከረበት ማነጻጸሪያ አካባቢ አንጻር ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከ15 እስከ 19 ባሉት ግን ጋብቻ አልቀነሰም፣ እንዲያውም ከፍ ብሎ ታይቷል። ለታናናሾቹ የሠራው ለታላላቆቹ አልሠራም ማለት ነው። ለአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጅ ከመቆየት ባለፈ ወዴት እንደምትሄድ የሚታይ ነገር ያስፈልጋል፤ ቀጣይ ክፍል፣ ሙያ፣ ሥራ። በእናንተ ዝርዝር ውስጥ ያሉት አሁን አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ናቸው። ዕድሜው ገና አልመሸም።

አንዷ ብታረግዝስ? ከአሁኑ ተነጋገሩበት፣ ሲደርስ አይደለም። ብዙ ማኅበር የሚፈርሰው ወይም ልጅቷን የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የጸደቀው የአፍሪካ የሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተር በ11ኛው አንቀጹ፣ ትምህርቷን ሳትጨርስ ያረገዘች ልጅ የመቀጠል ዕድል እንዲኖራት መንግሥታትን ያስገድዳል። ሲየራ ሊዮን እርጉዝ ተማሪዎችን ለዓመታት ከልክላ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 የምዕራብ አፍሪካ አገራት ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት ክልከላው አድልዎ ነው አለ። በመጋቢት 2020 ተነሣ። ታንዛኒያም በኅዳር 2021 የወለዱ ልጃገረዶች እንዲመለሱ ፈቀደች። ሕጉ ሲፈቅድ ግን በሩ ላይ የሚያሸማቅቅ ሰው ይኖራል። እናንተ የምትጨምሩት ነገር አብሯት በሩ ድረስ የሚሄድ ሰው ነው። ሕፃኑን የሚይዝ ሰው ካልተገኘ ደግሞ የተቀረው ሁሉ ወሬ ነው። ገንዘቡን ለዚያ አውሉት።

ስለ ራሳችሁም አንድ ነገር። በጎ ሥራ ልጆችን ለጉዳት ሊያጋልጥ ይችላል። ማንም ወንድ ብቻውን የልጅ ቤት አይሂድ። ማንም አባል ለአንዲት ልጅ በግሉ ገንዘብ አይስጥ፣ በስልክ በድብቅ አያውራ። ፎቶ አታንሷቸው። በተለይ ቦርሳ ሲቀበሉ የሚነሣው ፎቶ ይቅር። ያቺ ልጅ ነገ ክፍል ስትገባ «የእርዳታዋ ልጅ» ትባላለች፣ እሱም አንድ የመቅረት ምክንያት ይሆናል። አንዲት ልጅ «መምህሩ እንዲህ አለኝ» ብትላችሁ ደግሞ እመኗት። በሽምግልና አትጨርሱት። ጉዳዩን የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነና በየትኛው ስልክ እንደሚገኝ ከአሁኑ ጽፋችሁ ያዙ።

ገንዘባችሁ ትንሽ ነው ብላችኋል። እንግዲህ ሠላሳ ልጆች ለእናንተ ብዙ ናቸው። ቁጥሩ ሲቀንስ እንደሚከብዳችሁ አውቃለሁ፤ ማንን ትታችሁ ማንን ትይዛላችሁ? እኔ ብሆን አሥራ ሁለት ልጆች ይዤ ሦስት ዓመት እቆያለሁ። ከስድስተኛ ክፍል መጨረሻ ጀምሬ ዘጠነኛን እስኪያልፉ። ስመርጥም ጎበዞቹን አልመርጥም። ጎበዟን ሁሉም ይመርጣታል። እኔ የስም መጥሪያው ላይ ምልክት የበዛባትን እመርጣለሁ። ለሌሎቹ አሥራ ስምንት ዩኒፎርሙን ብቻ ስጡ። እነሱም ይጠቀማሉ፣ የኬንያው ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው።

ከአሥራ አምስታችሁ ስድስቱ ለሁለት ለሁለት ልጆች ኃላፊ ይሁኑ። ስልኳን፣ የእናቷን ስም፣ የታናናሾቿን ዕድሜ፣ የሚከብዳትን ትምህርት የሚያውቅ ሰው። ሌሎች ሁለት ያስጠኑ። የተረፉት ገንዘቡን ይያዙ፣ ከትምህርት ቤቱ ጋር ይነጋገሩ። በወር አንድ ጊዜ ስትሰበሰቡ የመጀመሪያው አጀንዳ መዋጮ አይሁን። የእያንዳንዷ ልጅ ስም ይጠራ፣ በዚህ ወር ስንት ቀን እንደቀረች ይነገር። አሥራ ሁለት ስም ለማንበብ ሃያ ደቂቃ ይበቃል።

ዘጠኙ ልጆች ግን ይቀድማሉ። አንድ ዓመት ነው ያለፈው። አንዳንዶቹ አግብተው ይሆናል፣ አንዳንዶቹ ርቀው ሄደው ይሆናል። ሦስቱ ወይም አራቱ ግን እዚያው ሰፈር ቤት ውስጥ አሉ፣ እርግጠኛ ነኝ። ያልተመለሱት ማንም ስላልጠየቃቸው ነው። ምዝገባ ሳይዘጋ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። ቦርሳ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ባዶ እጃችሁን ሂዱ። «አምና ከክፍል አጣንሽ፣ እንዴት ነሽ?» በሏትና ቁጭ ብላችሁ ስሟት። የሰማችሁትን ጻፉልኝ፣ ስለ እያንዳንዷ እንነጋገራለን።